«ትርፍ ጎማ፤ አለ»

የመሥሪያ ቤት መኪና ከአንዱ ሾፌር ወደ ሌላው ሲዛወር የሚሞላ ቅጽ አለ። ክሪክ 1፤ የጎማ መፍቻ 1፤ ትርፍ ጎማ 1 ይላል፤ በየአንዳንዱም ፊት «አለ» ተብሎ ይጻፋል። አስረካቢው ይፈርማል፤ ተረካቢው ይፈርማል፤ ማኅተምም ያርፍበታል። ትርፍ ጎማውን ለመመርመር የሚደረገው ነገር ቢበዛ በመዳፍ አንድ ጊዜ ጠብ ማድረግ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ቅጽ ባየሁ ቁጥር ለመጠየቅ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎማው መኖሩንስ አየን፤ ይወርዳል ወይ?

አንባቢዎቼ፤ ነገሩ ቀልድ አይምሰላችሁ። ሾፌሮች ስኮርታ የሚሉትን ትርፍ ጎማ ከመስቀያው ጋር አጥብቀው የያዙት ዳዶዎች፥ ከመኪናው ዳዶዎች ሁሉ ይልቅ የተረሱ ናቸው። የእግር ጎማዎቹማ ጎማ በተነፈሰና ፍሬን በተጠገነ ቁጥር ይፈታሉ፤ ይታሰራሉም። የትርፍ ጎማው ዳዶ ግን አምስት ክረምት፥ አንዳንዴም አሥር ክረምት ሰው ሳይነካው ይከርማል። የተሰቀለበትም ቦታ የከፋ ነው፤ መኪና ሲሮጥ አቧራውና ጭቃው ተጠቅልሎ የሚያርፈው ከበስተኋላው ነውና። አቧራው በዳዶውና በብሎኑ ጥርስ መካከል ይገባል፤ ዝናብ ሲመጣ ያ አቧራ ውኃውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ያቆየዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዝገት ሥራውን ይጀምራል።

ዝገት ብረትን መብላት ብቻ የሚያውቅ ይመስለናል። ነገር ግን ብረት ከኦክሲጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ዝገት በሆነ ጊዜ፥ ዝገቱ ከተበላው ብረት ከሁለት እጥፍ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ዝገቱ መሄጃ ሲያጣ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ብረቶች ይቆልፋቸዋል። በዚህ ላይ ጎሚስታው በአየር የሚሠራውን መፍቻ ይዞ ያለ ልክ አጥብቆት እንደ ሆነ፥ ዳዶው ከብሎኑ ጋር አንድ አካል ሆነ ማለት ነው።

አንድ የጤና ሠራተኛ ወዳጄ ያጫወተኝን ላጫውታችሁ። ከሾፌሩና ከአንድ ባልደረባው ጋር የክትባት መድኃኒት በበረዶ ሳጥን ይዘው በደሴ መንገድ ይጓዙ ነበር። የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲጀምሩ፥ ልክ ሲመሻሽ፥ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ጉም፤ ብርድ፤ ገደል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ ይገባዋልና ብርዱ ለመድኃኒቱ ሳይስማማው አልቀረም፤ ለሰዎቹ ግን አልተስማማም። በማግሥቱ ጧት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በቀጠሮው ቦታ ይጠብቃሉ። ትርፍ ጎማው በኋላ በር ላይ በሦስት ዳዶ ታስሯል። ሁለቱ እየጮኹም ቢሆን ወጡ፤ ሦስተኛው ግን ንቅንቅ አልል አለ። ሾፌሩ ከመኪናው ውስጥ አንድ የብረት ቱቦ አግኝቶ በመፍቻው ጫፍ ላይ ሰክቶ ሊቆምበት ሲሰናዳ፥ ከደሴ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ቆመና አንድ ሽበታም ሾፌር ወረዱ።

«ልጆች፤ እስቲ አንድ ጊዜ አጥብቁት» አሏቸው።

«ኧረ ጋሼ! እኛ እኮ የምንደክመው ለማላላት ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። መጀመሪያ ግን አጥብቀው።»

ወዳጄ ሰውዬው የሚቀልዱ መስሎት ነበር። እርሳቸው ግን የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ዳዶውን የያዘው የዝገት ቅርፊት ነው፤ ቅርፊት ደግሞ ወዲህም ሆነ ወዲያ በተነቃነቀ ጊዜ ይሰነጠቃል። ለማጥበቅ በቀስታ ጥቂት ገፋ፤ ከዚያ መለስ፤ እንደገና ገፋ። ሽማግሌው የሞተሩን የዘይት መለኪያ ብረት መዘዙና ከጫፉ የሚወርደውን ሙቅ ጠብታ በብሎኑ ጫፍ ላይ አንጠበጠቡ፤ ዳዶውንም በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቶክ ቶክ አደረጉት፤ ከዚያም «አሁን ሻይ ካላችሁ ጠጡ» ብለው ተቀመጡ። ሻይ አልነበረም። እንዲህ እያጠበቁና እያላሉ አንድ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ዳዶው ጧ ብሎ ለቀቀ። የክትባቱ ሳጥን በማግሥቱ ጧት በሰዓቱ ደረሰ።

ቱቦውን ቢጠቀሙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ፊዚክስ የምትማሩ ተማሪዎች ይህን ራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ40 ሳንቲሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ሲቆም የሚፈጥረው የማዞር ኃይል 255 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች የእግር ጎማ ዳዶ የሚጠበቀው በ100 ኒውተን ሜትር ግድም መሆኑን አስታውሱ። መፍቻው በቱቦ ተቀጥሎ 1 ሜትር ሲሆን፥ ያው ሰው ከ630 ኒውተን ሜትር በላይ ያመጣል። ዳዶው አልዞርም ካለ ይህ ሁሉ ኃይል የት ይሄዳል? ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ወደ ሆነው ብሎን ነዋ! ብሎኑም ይበጠሳል። ባይበጠስ እንኳ መስቀያው ይጣመማል፤ ወይም የበሩ ማጠፊያ ይላላና በሩ ከዚያ በኋላ በደንብ አይዘጋም።

እጅ ግን አስቀድሞ ያውቃል። በጤናው የሚፈታ ዳዶ በድንገት ጧ ይልና ወዲያው ይቀልላል። ድምፅ ሳያሰማ እንደ ሊጥ እየተለጠጠ የሚከተላችሁ ከሆነ ግን የሚዞረው ዳዶው አይደለም፤ ብሎኑ እየተጠመዘዘ ነው። በዚህ ጊዜ ማቆም፥ ወደ ማጥበቅ መመለስና ዘይት መጨመር ያስፈልጋል።

ሥራው በቤት በሰላሙ ቀን ከሆነማ ምንኛ ቀላል ነው! በብሎኑ ጫፍ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ መጥረግ፤ ማታ ዝገት ፈቺ ዘይት ማንጠብጠብ፤ ጧት መድገም፤ በሁለተኛው ቀን መሞከር። ዘይት በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ጥርሱ ሥር አይደርስም፤ የሚሰርገው ቀስ ብሎ ነው። ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ፥ ደብልዩ ዲ 40፥ በ1953 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ የተሠራው ውኃን ከብረት ላይ ለማባረር ነበር፤ 40 የሚለውም ቍጥር ሙከራው በ40ኛው ጊዜ መሳካቱን ያመለክታል። ለቀላል ዝገት ያገለግላል። ለከረመው ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ዘይት መግዛት ይሻላል። መፍቻውም ስድስት ማዕዘን ያለው ይሁን፤ አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው የዳዶውን ጠርዝ ቶሎ ያሟልጨዋል።

እሳትን የሚመክር ብዙ ሰው አለ። ዳዶ ሲሞቅ እንደሚሰፋ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ዳዶ የያዘው ቸርኬ ነው፤ በቸርኬው ላይ ያለው ደግሞ ጎማ ነው። ቸርኬው ሲግል በጎማው ውስጥ ያለው አየር ይጋፋል፤ ላስቲኩም ከውስጥ እየተቃጠለ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ በዚህ ዓይነት የፈነዳ ጎማ ሰው ይገድላል። አየሩ ወጥቷል ብሎ መተማመንም አይበቃም። ስለዚህ ጎማ ባለበት እሳት አይቅረብ። የመጨረሻው መድኃኒት ዳዶውን በብረት መሮ ወይም በመጋዝ በአንድ ጎኑ ሰንጥቆ ማውጣት ነው። ዳዶ በርካሽ ይገዛል፤ ከመስቀያው ጋር የተበየደ ብሎን ግን ጋራዥ ያስገባል።

ትርፍ ጎማቸው ከሆዳቸው ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለ መኪናዎች፥ እነ ሃይሉክስ፥ የዳዶ ጣጣ የለባቸውም፤ የእነርሱ ጣጣ ማውረጃው ነው። ሰንሰለቱ በጭቃና በዝገት ተጣብቆ ጎማው እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሰኔና በመስከረም፥ ሙሉ በሙሉ አውርዶ ማጠብና ዘይት መቀባት ይበቃዋል። በኋላ በር ላይ ለተሰቀለውም ቀጠሮው ይኸው ይሁን። ቅጹን የሚያዘጋጁ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችም ከ«አለ» ቀጥሎ «ወርዶ ታይቷል» የምትል አንዲት ረድፍ ከነቀኗ ቢጨምሩልን፥ ወረቀቱ የሚጠበው በአንድ ጣት ነው።

ጎማው ወርዶ ሲመለስ በመስቀያው ብሎኖች ጥርስ ላይ ግራሶ በስሱ ይቀባ፤ ዳዶውም በእጅ መፍቻ ይጠበቅ፤ በአየሩ መፍቻ አይሁን። ይህን ስል ታዲያ የእግር ጎማዎቹንም ብሎኖች ግራሶ እንዳትቀቡ። የእነርሱ ልክ የተወሰነው ለደረቅ ጥርስ ነው፤ ግራሶ ከተቀባ ያው ኃይል ብሎኑን ከልክ በላይ ይስበዋል። ደግሞም ከሦስቱ ዳዶ አንዱ ሌባ እንዳይፈታው ተብሎ በልዩ ቁልፍ የሚሠራ የሆነባቸው መኪናዎች አሉ። ያ ቁልፍ ከክሪኩ ጋር በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ በንብረት ክፍሉ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ካለ፥ ከመውጣታችሁ በፊት ፈርማችሁ ተረከቡ።