ስሙ ተሸጠ፤ ሙያውስ?

በ2025 ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ የተባለው የእንግሊዝ አገር ስፒከር ሠሪ እንደገና ባለቤት ለወጠ። የገዛው የአሜሪካው ሐርማን ነው፤ ሐርማን ደግሞ ራሱ ከ2017 ጀምሮ የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ንብረት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ይህ የሀብታሞች የሙዚቃ ዕቃ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕቃውን የመግዛት ዐቅሙ የለንም፤ ፍላጎቱም ላይኖረን ይችላል። ነገር ግን የሙያተኛ ድካም ስም ሲያወጣ፣ ስሙ ደግሞ ሸቀጥ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ነገ በየሙያችን ለምንሰማራ ተማሪዎች ጉዳዩ የራሳችን ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። ኩባንያው በ1966 ዎርዚንግ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ሲቋቋም መነሻው የአንዲት ደንበኛ ኑዛዜ ነበር። ጆን ባወርስ ስፒከር በእጁ እየሠራ ለሙዚቃ ወዳጆች ይሸጥ ነበር፤ በሥራው የረካችው ደንበኛ ስትሞት 10,000 ፓውንድ አወረሰችው። ባወርስ በ1987 እስኪሞት ድረስ ምርምርን ከሁሉ ያስቀድም ነበር። በ1979 የወጣውን 801 የተባለውን ስፒከር የለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ የቀረጸውን ሙዚቃ ለመመዘን ተጠቀመበት። ስሙ የወጣው እንዲህ ነው፤ በጥናት፣ በትዕግሥትና በሠራተኛው እጅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። በ2016 ኢቫ አውቶሜሽን የተባለ፣ ገና አንድም ዕቃ ለገበያ ያላቀረበ የካሊፎርኒያ ጀማሪ ኩባንያ ገዛው። በ2020 ሳውንድ ዩናይትድ ተረከበው። በ2022 በበሽተኛ ደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን የሚለካ መሣሪያ በመሥራት የሚታወቀው ማሲሞ፣ ሳውንድ ዩናይትድን ዴኖንና ማራንትዝን ከመሳሰሉ ስሞች ጋር በ1.025 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። የግዢው ወሬ በተሰማ ማግሥት የማሲሞ አክሲዮን ዋጋ ከሲሶ በላይ ወደቀ። ባለአክሲዮኖች አጉረመረሙ፤ በ2024 የኩባንያው መሥራች በድምፅ ብልጫ ከቦርዱ ወጣ። በ2025 ሳውንድ ዩናይትድ ለሐርማን የተሸጠው በ350 ሚሊዮን ዶላር ነው።

በዘጠኝ ዓመት አራት ባለቤት ማለት ነው። ዋጋው በሦስት ዓመት ወደ ሲሶ ሲወርድ የስፒከሩ ጥራት ወደ ሲሶ አልወረደም፤ የሠራተኛውም እጅ ሙያውን አልረሳም። የወጣውና የወረደው የገንዘብ ገበያው ግምት ብቻ ነው። ሆኖም ግምቱ ሲሳሳት ዕጣው የሚወሰነው በግምቱ ውስጥ እጁ ያልነበረበት ሠራተኛ ነው።

ባለቤት መለወጥ እስከ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ወደ ቪየና መሻገር ይበቃል። ኤ.ኬ.ጂ. የተባለው ማይክሮፎን ሠሪ በ1947 በዚያች ከተማ ተቋቋመ። በ1953 ያወጣው ሲ12 የተባለው ማይክሮፎን እስከ ዛሬ በድምፅ ቀራጮች ዘንድ የተከበረ ነው። በ1990ዎቹ ሐርማን ጠቀለለው፤ በ2017 የቪየናው ሥፍራ ተዘጋ። ስሙ ግን አልተዘጋም፤ በሌላ አገር በሚመረት ዕቃ ላይ መለጠፉን ቀጠለ። ከሥራ የተለዩት መሐንዲሶችና ሠራተኞችስ? ከነሱ መካከል የተወሰኑት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ ኦስትሪያን ኦዲዮ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ2019ም የራሳቸውን ማይክሮፎኖች አወጡ። ስሙ በአንድ በኩል ሄደ፣ ሙያው በሌላ በኩል ቀረ። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ፤ በልብ ያለውን ደግሞ የሽያጭ ውል አያስተላልፈውም።

ይህ ሲባል ግን የባለቤት መለወጥ ሁሉ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። በ1949 የተመሠረተውና በአምፕሊፋየሮቹ የታወቀው የአሜሪካው ማኪንቶሽ፣ በ1990 የጃፓኑ ክላሪዮን ከገዛው ወዲህ ብዙ ባለቤቶች ተፈራርቀውበታል። የሥራ ቦታው ግን በኒው ዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ከተማ ጸንቶ ቆየ፤ ስሙም ከሙያው ጋር አልተለያየም። ስለዚህ መመዘኛው የገዢው ዜግነት ወይም የገንዘቡ ብዛት ሊሆን አይገባም። መመዘኛው ዐዋቂዎቹ በቦታቸው አሉ ወይስ ተበትነዋል የሚለው ነው።

በኅዳር 2024 ማኪንቶሽን የገዛው ቦዝ ነው። የዚህ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ፣ የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ ተቃውሞ ከአገሩ የተሰደደ የህንዳዊ አርበኛ ልጅ ሲሆን፣ ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው ነበር። በ2011 ከኩባንያው አክሲዮን አብዛኛውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ስጦታው ገደብ ነበረው፤ ዩኒቨርሲቲው ከትርፍ ድርሻውን ተቀብሎ ለትምህርትና ለምርምር ያውላል፣ አክሲዮኑን ግን ሊሸጥ አይችልም፣ በኩባንያው አመራርም ድምፅ የለውም። ይህ አንድ ነገር ያስተምረናል። ባለቤትነት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሰው የሚደነግገው ነው። ሊሸጥ የማይችል ድርሻ መደንገግ ከተቻለ፣ የሠራተኛውን ድምፅ የሚያስከብር ድርሻ መደንገግም ይቻላል። ቦዝ የመጀመሪያውን አደረገ፤ ሁለተኛው ገና የሚቀር ሥራ ነው።

ነገሩ ከአገራችንም የራቀ አይደለም። የመንግሥት የነበረው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2012 ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጠ፤ በ2022 ደግሞ ዲያጆ መልሶ ለፈረንሳዩ ካስቴል ሸጠው። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ክርክራችን ብዙ ጊዜ በዋጋው ላይ ይቆማል፤ በርካሽ ተሸጠ፣ በውድ ተሸጠ እየተባለ። የማሲሞ ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ዋጋ በሦስት ዓመት የሚተን ነገር ነው።

በእኛ አመለካከት ማንኛውም የምርት ድርጅት ሲሸጥ ከዋጋው በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ሙያውን የያዙት ሰዎች ምን ዋስትና አላቸው? የሥራ ቦታው ይዘጋል ወይስ ይቀጥላል? ለምርምርና ለሥልጠና የሚውለው ገንዘብ በውሉ ተጽፏል ወይ? ምሕንድስናና ንግድ የምንማር፣ ሕግም የምናጠና አባላት ነገ እነዚህን ውሎች የምናረቅቅ ወይም በነዚህ ውሎች የምንተዳደር እኛው ነን። ጥያቄዎቹን ዛሬ በየጥናት ክበባችን እናንሣቸው፤ እንከራከርባቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል መባሉ እውነት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ግን በሕይወት እያለ ከሥራው በር ውጭ መዋል የለበትም።