ወንድሜ ለምን እንደ እኔ አይሰማም?

 

ብዙ ጊዜ ከእናንተ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «እኔና ወንድሜ ከአንድ እናት ተወልደን፣ አንድ ትምህርት ሰምተን፣ እኔ ስጾም እርሱ ለምን ይበላል? እሑድ ጠዋት እኔ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ እርሱ ለምን ኳሱን ይዞ ይወጣል?» ጥያቄው መልካም ነው። ጠያቂው ግን አንዳንድ ጊዜ መልሱን አስቀድሞ ይዞ ይመጣል፤ «እርሱ እንክርዳድ ስለ ሆነ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታችን ያስተማረውን የዘሪውን ምሳሌ ታውቁታላችሁ። ዘሪው አንድ፣ ዘሩም አንድ ነው። የወደቀበት ቦታ ግን አራት ዓይነት ነው፤ መንገድ ዳር፣ ጭንጫ፣ እሾህ ያለበትና መልካም መሬት። ልብ በሉ፣ ዘሪው አራት አገር አልዞረም። አራቱም በአንድ ማሳ ውስጥ ይገኛሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥም እንዲሁ።

ገጠር ያደጋችሁ እንደምታውቁት ገበሬ ጤፍ ከመዝራቱ በፊት መሬቱን ደጋግሞ ያርሰዋል። ድንጋዩን ይለቅማል፣ አረሙን ይነቅላል። ጭንጫ ነህ ብሎ መሬቱን አይሰድበውም። (ቢሰድበውስ ምን ያተርፋል?) የሰው ልብም ይታረሳል። አንዱ ትምህርቱ ቶሎ ይገባዋል። ሌላው መዝሙር እንጂ ረጅም ስብከት አይሆንለትም። ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ በቁጣ ስለ ተነገረው ብቻ ጆሮውን ዘግቶ ይሆናል። እግዚአብሔርም ለሰው ነፃ ፈቃድ ስለ ሰጠው ማንንም አስገድዶ አያሳምንም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በጌታችን ዘንድ የሆነው ነው። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ወንድሞቹ እንኳ እንዳላመኑበት ይናገራል። እነዚህ የእመቤታችን ልጆች አይደሉም፤ እርሷ ዘለዓለም ድንግል ናትና። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የአረጋዊው የዮሴፍ ልጆች ናቸው፤ አብረውት ስላደጉ ወንድሞቹ ተባሉ። እስቲ አስቡት፤ ከጌታ ጋር በአንድ ቤት አድገው ነገሩ አልገባቸውም! መምህሩ ጉድለት ኖሮበት ነው? በፍጹም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1ን ስናነብ ግን፣ ከዕርገቱ በኋላ እነዚያው ወንድሞቹ ከእመቤታችንና ከሐዋርያት ጋር ለጸሎት ተሰብስበው እናገኛቸዋለን። ከእነርሱም አንዱ ቅዱስ ያዕቆብ የኢየሩሳሌም የመጀመሪያው ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ቀድሞ «እንክርዳድ» ብሎ የሰየመው ሰው ቢኖር ኖሮ ምንኛ በተሳሳተ ነበር!

ደግሞም ሰንበት ትምህርት ቤት የመጣ ሁሉ መልካም መሬት ነው ማለት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ከአባቱ ቤት አልወጣም፤ ታናሹ በተመለሰ ቀን ግን ተቆጥቶ ወደ ግብዣው አልገባም አለ። ወንድሙ ጾም ሲያፈርስ አይቶ ለእናቱ ሊናገር በደስታ የሚሮጥ ልጅ ይህን ታላቅ ወንድም ይመስለኛል። ሆዱ ጾሟል፤ ምላሱ ግን ገና አልጀመረችም።

እንግዲህ ማታ ስትጸልዩ ወንድማችሁን በክርስትና ስሙ አስቡት። አዲስ መዝሙር ስታጠኑ እርሱ ባለበት ዘምሩ፤ ዜማው ሳያስበው ይይዘዋል። እሑድ ጠዋትም «ትመጣለህ?» በሉት። እምቢ ቢላችሁ አትቆጡ፤ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉና ሂዱ፤ በሚቀጥለው እሑድም ጠይቁት።