ፒያኖው ጀርባም አለው

አፕራይት ፒያኖ ይቀረጽ ሲባል በየስቱዲዮው የሚደረገው አንድ ነው። የላይኛው ክዳን ይከፈታል፣ ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ከመዶሻዎቹ በላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱ ወደ ወፍራሞቹ ክሮች ሌላው ወደ ቀጫጭኖቹ ይዞራል። ፒያኖው ራሱ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ይህ ልማድ እንደ ሙያ ሕግ ለጀማሪዎች መተላለፉ ያሳዝነኛል። እንዲህ የሚቀረጸው የፒያኖው ድምፅ ሳይሆን የማሽኑ ኮቴ ነው።

ክር ብቻውን ድምፁ ቀጭን ነው። አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ከክሮቹ ጀርባ ያለው ሳውንድቦርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስፕሩስ ከተባለ ቀላል እንጨት የሚሠራው ሰፊ ገበታ ነው። በገና የሚቀርጽ ሰው የድምፅ ሳጥኑን ረስቶ ማይኩን ጅማቱ ላይ አይለጥፍም። ፒያኖ ላይ ግን ዋናውን የድምፅ ምንጭ ከግድግዳ ጋር አፍነን ስናበቃ ድምፁ ሳሳ ብለን እናማርራለን።

ክዳኑ ውስጥ የገባ ማይክ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ አንድ ስኬል ከታች እስከ ላይ በእኩል ኃይል ይመታ። ከማይኩ ሥር ያሉት ጥቂት ኖታዎች ይጎላሉ፣ በሁለቱ ማይኮች መካከል ያሉት ይሰምጣሉ፤ የእንጨቱ ንቅናቄና የፔዳሉ ሲጥታ ከዜማው እኩል ይሰማል። ፒያኒስቱ በዓመታት ልምምድ በጣቱ ያስተካከለውን ሚዛን ማይኩ አፈረሰው ማለት ነው። ከዚያ በኢኪውና በሪቨርብ ሰዓታት ይባክናሉ። በስልክ አንዲት ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ደግሞ ግራና ቀኙ ይደመራል፤ ለሁለቱ ማይኮች በተለያየ ጊዜ የደረሰው ድምፅ በከፊል እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

የተሻለ ማይክ ቢኖረን የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም። ዝነኛው የኖይማን ማይክም ቢሆን የቆመበትን ቦታ ነው የሚሰማው። ከድራም ጋር በአንድ ክፍል ሲቀረጽ መጠጋት ግድ መሆኑን እቀበላለሁ። ጀርመናዊው ፒያኒስት ኒልስ ፍራምም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ፌልት» አልበሙ ማይኩን ወደ ፒያኖው ውስጥ ያስጠጋው ያንኑ የመዶሻ ትንፋሽ ፈልጎ ነው። እሱ መርጦታል፤ እኛ ግን ሳንመርጥ ወረስነው።

የምንጠጋው የውጭ ጫጫታ ስላለብን ነው የሚሉም አሉ። የፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ «ሱቬኒርስ» አልበም እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ፣ ቤተሰባቸው ቤት፣ በቴፕ የተቀረጹ መዝሙሮችና ዘፈኖች ስብስብ ነው። ከውጭ ወፎች ይሰማሉ። ጥራቱ የስቱዲዮ አይደለም፤ ፒያኖው ግን ሙሉ ነው፣ ክፍሉም አብሮት አለ።

ፒያኖውን አንድ ሜትር ያህል ከግድግዳ ማራቅ ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። አንዱ ይጫወት፣ ሌላው ፒያኖውን በጆሮው እየሰማ ይዙረው። ከጀርባ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ አንድ ማይክ ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከልክ በላይ ሲጠጋ ግን ድምፁ ይታፈናል፣ የጣቱ ጥራትም ይደበዝዛል። የጎደለውን ለመሙላት ሁለተኛ ማይክ ከተጫዋቹ ትከሻ በላይ ይቁም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሳውንድቦርዱ ወደ ኋላ ሲገፋ ከፊት በኩል ይሸሻልና ሁለቱ ማይኮች ሲደመሩ ቤዙ ሊከዳ ይችላል። የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጦ ማዳመጥና የወፈረውን መያዝ ነው። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ በሰዓት የሚያስከፍል ስቱዲዮ ይህችን ግማሽ ሰዓት ከራሱ ጊዜ ቆርሶ ለፒያኒስቱ መስጠት አለበት።