የሲሚንቶ ጀበና ይብቃን

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይላል አገሬው። እኔ ባደግሁባት አማኑኤል ግን ነገሩ ከዚህም ይከፋል፦ እሷ በሠራችው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ እየበላን እሷን ከማዕዳችን እናርቃለን። ልጅ ሆኜ ገበያ ስላክ «ጀበናውን ገዝተህ ቶሎ ና፣ ዓይኗ እንዳያርፍብህ» ተብያለሁ። ወግ መስሎኝ ታዝዣለሁ። ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ደግሞ በየከተማው አደባባይ የሲሚንቶ ጀበና ማቆም ይዘናል። ልብ በሉልኝ! የሸክላን ቅርጽ ወስደን፣ ሸክላውንም ሠሪዋንም ትተን፣ በብረትና በሲሚንቶ አስመስለን ቡናማ ቀለም እንቀባዋለን። ከዚያ «ባህላችን» እንላለን። የማን እጅ ያቆየውን ባህል?

ይህን ባነሳሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «ሸክላ ይሰበራላ!» እሺ፣ ይሰበራል። ሲሚንቶስ? በስንጥቁ ውሃ ሲገባ የውስጡ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱ አብጦ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል። ባርሴሎና ውስጥ ጋውዲ ከ1900 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. የሠራውን ፓርክ ጉዌል በፎቶ እንኳ እዩት። ረጅሙ መቀመጫ በሴራሚክ ስብርባሪ የተለበጠ ነው። እየተጠገነ ከመቶ ዓመት በላይ ፀሐይና ዝናብ ችሏል፤ ሰውም ይቀመጥበታል። ገል እኮ ነው!

«የእኛዎቹ ድስት እንጂ ቅርጽ አያውቁም» የሚልም አለ። ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን ይጠይቅ፤ የቤተ እስራኤል ሴቶች አንበሳውንም ሰውንም ከሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል።

አልዋሽም፤ ሜዳ ላይ በገለባና በኩበት የተተኮሰ ሸክላ ውሃ ይመጥጣል፣ የጎጃምን ክረምት ደጅ ቆሞ አይችልም። ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚግል ዝግ ምድጃ ይፈልጋል። ትልቅ ሥራ ደግሞ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ በክፍል በክፍሉ ተተኩሶ ነው የሚገጣጠመው። ይህ የምድጃ ጉዳይ ነው፤ የዘር ጉዳይ አይደለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ግን ዛሬም አፋችን ላይ አለ። ሌላ አዋጅ አልጠይቅም። አማኑኤል ላይ አንድ ምድጃ ይሠራ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ እንደ ማንኛውም ቀራፂ ይከፈላቸው፤ አደባባይ በሚቆመው ሥራ ግርጌም የመራቂው ባለሥልጣን ሳይሆን የእነሱ ስም ይጻፍ።

ያኔ የሸሸኋት ሴት ስም ላይ የእኔ ዓይን ይረፍበት።