እውነትን ማወቅና ለእውነት መክፈል

ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል የሚለውን የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ እንደ ነበር ብዙዎቻችን አንብበናል። ኤድዋርድ ኮልስን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት ለተማሪ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው የዚህ ሰው ታሪክ ነው።

ኮልስ በ1786 (እ.ኤ.አ.) በቨርጂኒያ ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወለደ። ኮሌጅ ሳለ፣ ሰው የሰው ንብረት ሊሆን አይገባም ብሎ አመነ። አባቱ ሲሞቱ ግን ባሪያዎች ወረሰ። በ1814 የፕሬዚዳንት ማዲሰን የግል ጸሐፊ ሳለ፣ ባሪያዎችን ነፃ የማውጣቱን ጥረት ጄፈርሰን እንዲመራ በደብዳቤ ለመነው። ጄፈርሰን ዓላማውን ደገፈ፤ ሥራው ግን የወጣቶች ነው፣ አንተም ባሪያዎችህን ይዘህ እዚሁ ቆይ ሲል መለሰለት።

ኮልስ አልቆየም። በ1819 ባሪያዎቹን ይዞ ወደ ኢሊኖይ ሲጓዝ፣ በኦሃዮ ወንዝ ላይ ነፃ መሆናቸውን ነገራቸው፤ ለየአባወራውም 160 ኤከር መሬት ሰጠ። በ1822 ከመራጩ የሲሶውን ያህል ድምፅ ብቻ አግኝቶ የኢሊኖይ ሁለተኛ አገረ ገዥ ሆነ። የባርነት ደጋፊዎች ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ ተነሡ፤ በምክር ቤቱ ድምፅ ሲጎድላቸው አንድ ተቃዋሚ አባል አስወጥተው በምትኩ የራሳቸውን ሰው አስገቡ። ኮልስ የሥልጣን ዘመኑን ደመወዝ ለዘመቻው አዋለ። ባሪያዎቹን ያለ ዋስትና ነፃ አውጥተሃል ተብሎም ተከሰሰ፤ 2,000 ዶላር ተፈረደበት፤ ፍርዱ በኋላ ተሻረ። በ1824 ሕዝቡ 6,640 ለ4,972 በሆነ ድምፅ የሕገ መንግሥቱን ለውጥ አልቀበልም አለ።

ይህን ድል ግን ማጋነን አይገባም። ከመራጮቹ ብዙዎቹ የተቃወሙት ጥቁሩን ወድደው ሳይሆን ሀብታሙ ባሪያ አሳዳሪ መሬታቸውን እንዳይሻማቸው ፈርተው ነው። ጥቁሮችን የሚጨቁኑት የኢሊኖይ ሕጎችም እስከ 1865 አልተሻሩም። የኮልስ የገዛ ልጅ እንኳ በ1862 ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ወገን ሲዋጋ ሞተ። አንድ ቅን ሰው ብቻውን ሥርዓትን አይለውጥም።

ሆኖም ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ እውነቱንም እኩል ያውቁ ነበር። አንዱ ለመጪው ትውልድ አስተላለፈው፤ ሌላው በ27 ዓመቱ ዕዳውን በራሱ ላይ ቆጠረ፣ በሀብቱም ከፈለ። እኛም «ከተመረቅን በኋላ» በምንልበት ጊዜ ሁሉ ከሁለቱ የማንኛቸውን መልስ እየሰጠን እንደ ሆነ እንጠይቅ።