ጋቢና የተቀመጠው

የልጅ ልጄ ዘንድሮ 15 ዓመቱ ነው። ክረምቱን እኛ ዘንድ መሐል ሜዳ ከረመ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡና ጉሙ ከቤት አላስወጣ ሲለው ስልኩ ላይ የጫናቸውን ፊልሞች ያያል፤ እኔም ባናዬን ደርቤ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» የሚሉትን ተከታታይ ፊልም ያየሁት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው በእኛ 1993 ዓ.ም. የወጣ ነው። ብራያን ኦኮነር የሚባል ፖሊስ ማንነቱን ደብቆ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በመኪና ከሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ጋር ይቀላቀላል። የተላከው ዘራፊዎቹን እንዲያጋልጥ ነበር። ከማዕዳቸው ይቆርሳል፣ የአለቃቸውን እህት ይወዳል፤ መጨረሻ ላይ አለቃቸውን ዶሚኒክ ቶሬቶን መያዝ ሲገባው የመኪና ቁልፍ ሰጥቶ ይሸኘዋል።

«የመንግሥት ደመወዝ እየበላ?» አልኩ።

«አባባ፣ ማዕድ የቆረሰው ግን ከነሱ ጋር ነው» አለኝ። ለመንዝ ሰው ይህን መመለስ ይከብዳል፤ ዝም አልኩ።

በፍጥነቱም ቢሆን ብዙ ልፈርድበት አልቻልኩም። እኛም በጥምቀት ጉግስ ሲጋለብ አጥር ላይ ወጥተን ያደግን ነን። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴን አባ ጠቅል ብለን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሰዎች፣ ልጁን በመኪና ስም ማወቁን ብንነቅፈው አያምርብንም።

ሰባተኛው ፊልም ላይ ብራያን አባት ሆኗል፤ ልጁን በቤተሰብ መኪና ትምህርት ቤት ያደርሳል። ደስ አለኝ። ይሄኔ የልጅ ልጄ ቀስ ብሎ፣ «ይህን ሲሠሩ ሞተ እኮ» አለ። ብራያንን ሆኖ የሚጫወተው ፖል ዎከር፣ ኅዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪና አደጋ አረፈ። ዕድሜው 40 ነበር፤ የ15 ዓመት ሴት ልጅ ነበረችው። ቀሪውን ፊልም የጨረሱለት ወንድሞቹ በእሱ ቦታ ቆመውና በኮምፒውተር ታግዘው ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት መንገድ መኪናዋ ከ130 በላይ ትበር ነበር።

«ያን ያህል ያበረራት ምን አስቸኩሎት ነው?» አልኩ።

«እሱ አልነበረም የሚነዳው። ጓደኛው ነው። እሱ ጋቢና ነበር።»

ስልኩን አጠፋና አየኝ። «ሐምሌ ላይ ስንመጣ እርስዎም ጋቢና ነበሩ።»

አልረሳሁትም። ከደብረ ብርሃን ተነስተን ጣርማ በር ሳንደርስ፣ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሳለ፣ የኛ ሚኒባስ ከሌላ ሚኒባስ ጋር እልህ ተጋባ። ከኋላ ሕፃን የታቀፈች እናት «ኧረ ቀስ በል!» ብላ ጮኸች። እኔ ሳይመሽ መድረስ ፈልጌ ነበር። ዞር ብዬ፣ «ተይው እናቴ፣ ያውቅበታል» አልኳት። ሹፌሩ ሽማግሌ ከመሰከረለት በኋላ ማንን ይሰማል? ልጁ ከሷ ጎን ተቀምጦ ነበር።

«ፈርተህ ነበር?» አልኩት።

«እርስዎ ያውቅበታል ሲሉ ተውኩት።»

ጳጉሜን ላይ ልመልሰው አብሬው ወረድኩ። ጋቢና ገባሁና ገና ሞተሩ ሳይነሳ ለሹፌሩ፣ «ልጄ፣ ብንዘገይም የሚቆጣን የለም» አልኩት። «የቸኮለ ተሳፋሪ ነው የሚያስቸግረን እንጂ» ብሎ ሳቀ። ከኋላዬ የልጅ ልጄም ሲስቅ ሰማሁት።