ከከሰል ጭስ የተረፈ ሰው ለምን ለሳምንታት ክትትል ያስፈልገዋል?

ክረምት በገባ ቁጥር ከሰል በተቀጣጠለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሰዎች ሕይወት ማለፉን የሚገልጽ ዜና እንሰማለን። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም በየጊዜው ያስጠነቅቃል። ዜናው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው የሞቱትንና የተረፉትን በመቁጠር ነው። የተረፈው ሰው ከወር በኋላ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን በሚያጓጉዘው ሂሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። በተለመደው አየር ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ታማሚው ይነቃል፣ ይበላል፣ ቤቱ ይገባል። ቤተሰብም «ተመስገን» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋል።

ከጥቂቶቹ ላይ ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ከሁለት ሦስት ሳምንት ደህንነት በኋላ ሰውየው ይረሳል፣ ዝምተኛ ይሆናል፣ ጠባዩ ይለወጣል፣ እግሩን እየጎተተ ይራመዳል፣ ሽንቱንም መቆጣጠር ያቅተዋል። ጋዙ ከደም ከወጣ በኋላም በአንጎል ውስጥ የተቀሰቀሰው ብግነት የነርቭ መስመሮችን ልባስ ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ ይታመናል።

ስለዚህ መዘዝ ብዙ የምናውቀው ከደቡብ ኮሪያ ነው፤ በዚያ ቤቶች ከወለል ሥር በሚነድ የድንጋይ ከሰል ይሞቁ ስለነበር መመረዙ የተለመደ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 2 ሺህ 360 ታማሚዎችን ተመልክቶ 65ቱ ላይ ይህን የዘገየ ሕመም አግኝቷል። ሆስፒታል ከተኙት መካከል ድርሻው 11 ነጥብ 8 በመቶ ነበር። ሕመሙ የታየው ከ2 እስከ 40 ቀን፣ በአማካይ ከ22 ቀን በኋላ ነው።

ታዲያ ማን ላይ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ብዙዎች መልሱን ከደም ምርመራ ይጠብቃሉ። ሆኖም ሆስፒታል ሲደረስ በደም ውስጥ የሚለካው የጋዝ መጠን ኋላ የሚመጣውን በደንብ አይተነብይም፤ በመንገድ ላይ ኦክስጅን የተሰጠው ሰው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላልና። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ «ደህና ነው» ብሎ ያሳስታል። ይበልጥ የሚጠቅሙት ምልክቶች ሰውየው ራሱን ስቶ እንደነበር፣ በጭሱ ውስጥ የቆየበት ጊዜና ዕድሜው ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. በዚያው በኮሪያ 387 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኤምአርአይ የሚታይ የአንጎል ጉዳት ጠንካራ ጠቋሚ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ኋላ ከታመሙት አንድ አራተኛ ያህሉ መጀመሪያ ላይ ምስላቸው ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ጥሩ ውጤት ያለው ሰውም ከክትትል ነፃ አይደለም።

እንግዲህ ዋናውን መረጃ የያዘው ሐኪሙ ሳይሆን በሩን ሰብሮ የገባው ሰው ነው። ከሰሉ ስንት ሰዓት ገባ? ሲገኝ ይናገር ነበር ወይስ ተዝለፍልፎ ነበር? ይህንን ጽፎ መያዝ ብዙ ምርመራ ከማዘዝ ባልተናነሰ ይረዳል። በከፍተኛ የአየር ግፊት ኦክስጅን የሚሰጥበት ሕክምና በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚታየውን የማስታወስና የማሰብ ችግር ከ46 ወደ 25 በመቶ ቀንሷል፤ ሌሎች ጥናቶች ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም፣ ለብዙዎቻችንም በቅርብ የሚገኝ አይደለም። ንጹሕ ኦክስጅን ግን ሳይዘገይ መሰጠት አለበት፤ የነቃውም ሰው ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሦስተኛው ሳምንት ጉዳይ ነው። ያኔ ታማሚው ሲለወጥ ቤተሰብ «ጭንቀት ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ይላል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱም ከሰሉን የሚያነሳ ሰው ላይኖር ይችላል። ቢያንስ ለስድስት ሳምንት አብሮ የሚኖር ሰው አካሄዱን፣ ንግግሩንና የማስታወስ ችሎታውን ይከታተል፤ ለውጥ ካየም በመጀመሪያ የሚናገረው «ከወር በፊት በከሰል ጭስ ታፍኖ ነበር» የሚለውን ይሁን። ከላይ በጠቀስነው የ1983ቱ ጥናት ክትትል ከተደረገላቸው 36 ሰዎች 75 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ አገግመዋል።